ከሳጥኑ የረዘመው ሲንቄ

ከመንገድ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ በየተራ ብቅ እያሉ «አምቦ እንዴት ነው? ፍል ውሃውስ? ሙዚየም ልታይ ሄደች ሲሉ ሰማን» ይሉኛል። ለአንዷ አሳጥሬ፣ ለሌላዋ ዋሽቼ፣ ለሦስተኛዋ ተቆጥቼ ተናገርኩ። አሁን ግን ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ እኔም ከእንግዲህ የምሄድ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምቦ አስተምሬያለሁ። ባሌ የዚያው አገር ሰው፣ ከጊንጪ በላይ ደጋው ላይ ያለች ጎጆ የምትባል ከተማ ልጅ ነበር። እሱ ሲሞት ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ሥራ ሠርቼ ነበር። በከተማው የባህልና የታሪክ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ተብሎ ከየቤቱ የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ እኔ ከፊት ነበርኩ። ምላሴ ስለማያርፍ የሰው ደጅ ማንኳኳቱ ለእኔ ተሰጠኝ። አገልግል ሰበሰብኩ፣ የቆዳ ቀሚስ ሰበሰብኩ፣ ጨሌ ሰበሰብኩ። «የሰው ከጠየቅሽ ከራስሽም አምጪ» እንዳልባል ደግሞ የአማቴን የአደ ዲንቄን ሲንቄ ወሰድኩ።

ሲንቄ ለማታውቁ፣ እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምትሰጣት ቀጭን ረጅም በትር ነው። ያገባች የኦሮሞ ሴት ትመርቅበታለች፣ ታስታርቅበታለች። ባሏ እጁን ቢያነሳባት ይዛው ትወጣለች፤ የመንደሩ ሴቶችም የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። በባሌ ወገኖች ወግ ሲንቄ የሚሰበረው ባለቤት የሆነችው ሴት የሞተች ዕለት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለሁለት ይሰበርና አብሯት ይቀበራል። እኔም ከጎጆ በተነሳሁ ቁጥር አደ ዲንቄ የሲንቄያቸውን ጫፍ አስይዘው ሳይመርቁኝ መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

«ሲፈልጉት በገዛ እጄ አመጣልዎታለሁ» ብዬ ነው የወሰድኩት። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ከጎኑ እንደሚቀመጥም ነገርኳቸው። በመጨረሻ ሰጡኝ። ምራት ናት ብለው፣ አስተማሪ ናት ብለው አመኑኝ።

ዘንድሮ የባሌ እህት አስቴር ከጎጆ ደወለች። «እማዬ ሲንቄዬን አምጪልኝ ትላለች። ባዶ እጄን አልሄድም ትላለች» አለችኝ። ዓመታት አልሄድኩም ነበር። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ስልኩ ይጠፋል፣ አንዴ ጉልበቴን ያመኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስቱ አንዱም ባልነበረበት ወራትም አልሄድኩም።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሌላ አንድ ጣሳ ቅቤ ነበር። ሲንቄ ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቢሮክራሲ ደግሞ ቅቤ አይቀባም ብዬ ነው የያዝኩት። በእኛ ከተማ ብርድ ቅቤ ማለት ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ አስኮ ተሳፍሬ ቡራዩን ሳናልፍ ግን ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ አቀለጠው። ክዳኑ ላላና ቀሚሴ ላይ ወረደ። አጠገቤ ወደ ቆላው ወደ ባኮ የሚሄድ፣ የበቆሎ ዘር በጆንያ የያዘ ሰውዬ ነበር። ትርፍ ጆንያውን አውጥቶ ጣሳውን ጠቀለለልኝና «እናቴ፣ ባኮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ነጥሮ ነበር» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። በጉዞው ሁሉ ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አዲስ ዓለም ላይ ወረድኩ። ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነገሥታት ልብሰ መንግሥት የሚታይበት ቤት አለ። አንድ ሸምገል ያሉ መርጌታ ቁልፉን ይዘው መጡና በቅቤ የራሰ ቀሚሴን አይተው ጫማዬን ብቻ አስወለቁኝ። ከፋይ ካባ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ለምድ፣ ጃንጥላ፣ ዘውድ አየሁ። መርጌታው በጣታቸው እያሳዩ፣ ይህ የእገሌ ነው፣ ይህን የሰጠችው እገሊት ናት፣ ለዚህ ምክንያት ነው እያሉ ከአፋቸው ያለ ወረቀት ያወርዱታል። ባለቤቱ ያልታወቀ አንዲት መሃረብ አላየሁም። የእኛም እንዲህ ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ደስ አለኝ። የነገሥታትን ልብስና የገበሬ ሚስትን በትር አንድ ዓይነት ሰው የሚጠብቃቸው መስሎኝ ነበር። ታሪክ ለሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲያስብ ያሳፍራል።

አምቦ የደረስኩት ወደ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያደርኩት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጽጌ ዘንድ ነው። ጽጌ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ የመጣችው ከወሎ ነው፤ «ለአንድ ዓመት» ብላ ገብታ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሆናት። ቅቤውን ልታጥብልኝ ቧንቧ ብትከፍት ጠብ የሚል የለም። ፈረቃው የእነሱ ሰፈር አልነበረም። ለአገር ሁሉ በጠርሙስ ውሃ የምታድል ከተማ ቧንቧዋ ደርቆ፣ ጽጌ ከጓዳ ሁለት አምቦ ውሃ አወጣችና ቀሚሴን ጋዝ እየተንፎለፎለ አጠበችው። እድፉ አልለቀቀም። የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ሁለቴ ይጠቀልለኛል።

«ነገ አዳራሹ ጋ ልምጣ አብሬሽ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«እንዲሁ። ብቻሽን ባትገቢ ደስ ይለኛል» ብላ ሌላ ወሬ አነሳች። ቶሎ ነቄ የምል ሰው ብሆን ኖሮ እዚያው ላይ ይገባኝ ነበር።

ረቡዕ

ጽጌ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላላት ብቻዬን ሄድኩ። ቁርሷን ጨጨብሳ አስገድዳ አብልታኝ ነው የወጣሁት። ስለ ምግብ ከተነሳ አይቀር፣ የእኛ አገር ሰው እንግዳን «ብላ እንጂ» ይላል፤ አምቦ ግን ቁጭ ብለው ያበሏችኋል። ይህን አልክድም።

አዳራሹ ሦስት ክፍል ነው። የመጀመሪያው የታሪክ ነው፤ የከተማዋ አሮጌ ፎቶዎች፣ «ሀገረ ሕይወት» የሚል የድሮ ስሟ በማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች፣ የማን እንደሆነ ያልተጻፈ የጽሕፈት መኪና። ሁለተኛው የተማሪዎች ሥዕል ነው። ከአሥራ አምስቱ አሥራ አራቱ ፈረስ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚጋልቡት። አሥራ አምስተኛው አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ውሃ ስትጠብቅ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ፊቷ አይታይም፤ የተረከዟ ንቃቃት ግን አንድ በአንድ ተሥሏል። ማን እንደሣለው ፈለግሁ፤ ስም የለውም። እዚያ ፊት ብዙ ቆምኩ።

ሦስተኛው የአልባሳት ክፍል ነው። ከመርካቶ የልብስ ሱቅ የመጡ፣ ከንፈራቸው ቀይ የተቀባ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች የቆዳ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። የአንዷ ፀጉር ቢጫ ነው። አደ እገሊት ሦስት ልጅ የወለዱበትን ቀሚስ ፈረንጅ አሻንጉሊት ለብሳው ሳይ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ጥርስ መንከስ መጣብኝ። ያን ቀሚስ ከእሳቸው እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በስም አውቃቸዋለሁ። ካርዱ ላይ ግን «ለጋሽ፦ ያልታወቀ» ይላል።

ሲንቄውን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ተኝቷል። ሲንቄ ይቆማል እንጂ አይተኛም። ካርዱን አላነበብኩም፤ ምን እንደሚል አውቄዋለሁ። መያዣው ላይ ባሌ ልጅ ሳለ በቢላ የጫራቸውን ሦስት መስመሮች አየሁ። የእኛው ነው። ቀጥዬ ከታች ጫፉ ላይ ከድሮ ጀምሮ የማውቀውን፣ እሳት የበላውን ጥቁር ጠባሳ ፈለግሁ። የለም። ጫፉ ነጭ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ገና ትናንት የተቆረጠ የሚመስል።

ከሳጥኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ልክክ ብሎ ገብቷል። ገባኝ።

«ቲቸር! አካም ጂርታ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ኦቦ ለሚ ናቸው፤ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። የአዳራሹ ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ አስተምሬያለሁ። እጄን ሊጨብጡ ሲሉ ሳጥኑን እያየሁ እንደሆነ አስተዋሉና እጃቸውን መለሱ።

«ማን ቆረጠው?» አልኩ። ሰላምታ እንኳ አልመለስኩም።

«ሳጥኑ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ መጣ» አሉ ኦቦ ለሚ። «ልኩን በወረቀት ነው የላኩት፤ ማንም ሲንቄውን አልለካም። ስናስገባው ስንዝር ተረፈ። ሰኞ እንግዳ ይመጣል ተባለ። መስታወቱን እናንሳው አልኳቸው። ሳጥኑ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ አይነካም አሉኝ። ሲንቄው ግን ያን ጊዜ ገና ቁጥር አልነበረውም።»

«ማን ቆረጠው ነው ያልኩት።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። «መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? እናትዎ ሲንቄ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው። ሲሞቱ የሰበርኩት እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቲቸር፣ በዋቀዮ፣ ባለቤቷ የሞተች መስሎኝ ነው። በሕይወት ያለች ሴት ሲንቄዋን ለቢሮ ትሰጣለች ብዬ እንዴት ላስብ? እናታችን በሕይወት አሉ?»

ልጮህባቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምጮህበት ነገር ግን ከእጄ ወጣ። የትኛዋም ሴት በሕይወቷ እንደማትሰጠው እሳቸው ያውቃሉ፣ መንደሩ ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር። አውቄ ነው የወሰድኩት። ከእኔ ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው አደ ዲንቄም አይሰጡም ነበር።

ሐሙስ

የባህል ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ እስኪመጣ ማመልከቻዬን አነበበ። በእኛ ከተማ ቢሆን መጀመሪያ በር ላይ አንድ ሰዓት ያቆሙኝና ቀጥለው እንቢ ይሉኛል፤ እዚህ በሻይ እንቢ አሉኝ። ልዩነቱ ይህ ነው።

«ቲቸር፣ ስሜትዎ ይገባኛል» አለ። «አሁን ግን ቅርሱ ተመዝግቧል። ከተመዘገበ በኋላ አይወጣም። ቅጹ ላይ ደግሞ ስጦታ ነው የሚለው።»

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሌላ ዓይነት ቅጽ አልነበራችሁም።»

«እሱማ ልክ ነው።»

«ስትቆርጡት ቅርስ አልነበረም፣ ስጠይቃችሁ ቅርስ ሆነ?»

ወረቀቱን አስተካክሎ አስቀመጠ። «ያኔ እኔ አልነበርኩም። ግን እናታችን በሕይወት ካሉማ ትልቅ ዕድል ነው! ባለሙያ ልከን በቪዲዮ እንቀርጻቸዋለን፤ ስለ ሲንቄ ጥቅም ይነግሩናል።»

ሻዩን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ቢያንስ ስማቸውን ጻፉ ብዬ የአደ ዲንቄን ስም ከነአባታቸው በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። «ወዲያው» አለ። ጻፉት አልጻፉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግቢው በር ላይ ኦቦ ለሚ ጠበቁኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከኮታቸው ውስጥ አወጡ። «መሬት ላይ ልጥለው አልቻልኩም» አሉ። «መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።» ገለጥኩት። ስንዝር የምታህል ቁራጭ ናት፤ ጫፏ ላይ እሳት የበላው ጥቁር ጠባሳ አለ። ላመሰግናቸው ይሁን ልረግማቸው አላወቅሁም። እጃቸውን ግን ጨበጥኩ።

ማታ ጽጌ «የዛሬ አምስት ዓመት፣ የቆረጡ ዕለት ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «በስልክ እንዴት ልንገርሽ?» አልተቆጣሁም። ለእኔ አለመናገር ለሁሉም ቀላል ሆኖ ኖሯል፤ አለመምጣት ለእኔ ቀላል እንደሆነ ሁሉ።

ዓርብ

ወደ ጊንጪ ተመልሼ በአይሱዙ ወደ ጎጆ ወጣሁ። ጋቢና ውስጥ ቦታ የሰጠኝ ሹፌሩ ነው፤ የራሱን ፎጣ ወንበሩ ላይ አነጠፈልኝ። ጉዞው ሁሉ መነቅነቅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የለመድኩት አስፋልት እዚያ የለም። ብርዱ ግን የአገሬን ብርድ ቁጭ ነው፤ የገብስ ማሳው፣ በጉ፣ ጉሙም እንዲሁ። ባሌ «ለአንቺ ስል አገሬን ብርድ አደረግሁት» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር። በመስታወት ውስጥ ቆሟል፣ ስምዎ በትልቁ ተጽፏል፣ ተማሪ ሁሉ እየመጣ ያየዋል፣ ስለዚህ አልሰጥ አሉኝ፤ ይህን ልል ነበር። ቁራጯንም ላልሰጣቸው ወስኜ ነበር።

አስቴር በር ላይ ተቀበለችኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ እሷና ባሏ ጴንጤ ናቸው። በጆሮዬ «እኔ በበትር አላምንም፤ እናቴ ግን ታምናለች። አመጣሽው?» አለችኝ። አልፌያት ገባሁ።

አደ ዲንቄ በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ መጣሽ? የእግርሽን ሰማሁ» አሉ። «የሲንቄዬን አልሰማሁም።»

ሲንቄ ይዞ የሚሄድ ሰው መሬቱን እየነካ ነው የሚሄደው፤ ያን ድምፅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ጠፋብኝ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጋዜጣውን ፈታሁና ቁራጯን እጃቸው ላይ አኖርኳት።

በጣቶቻቸው አገላበጧት። የተቃጠለውን ቦታ አገኙት። «ይቺ ምድጃው የበላት ናት» አሉ። ከዚያ በመጋዝ የተቆረጠውን ፊት ዳበሱ፤ ደጋግመው ዳበሱት። «ይህ ግን እሳት አይደለም።»

«ከሳጥኑ ረዘመባቸው» አልኩ። «ቆረጡት። ሌላው አምቦ ነው፤ አልሰጥም አሉኝ።»

«መቼ ነው የቆረጡት?»

«የዛሬ አምስት ዓመት።»

አደ ዲንቄ በጣታቸው ቆጠሩ። አልሳቁም፣ አላለቀሱም። «እንግዲህ ከሞትኩ አምስት ዓመቴ ነው» አሉ። «እኔ አልሰማሁም። አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ፣ ከተማ ነሽ። ለቅሶዬ ላይ ሳትመጪ ቀረሽ።»

አስቴር «እማዬ!» አለች። እኔ አለቀስኩ። በባሌ ቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ድንች ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ቀረበ፣ ጭኮ ቀረበ። «ብዪ፣ ብርድ ነው» እያሉ በእጃቸው ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉታል። ቅቤውን ስሰጣቸው ከጣሳው ጥቂት አነሱና ቁራጯን እስክታብረቀርቅ ድረስ አሿት። የቀረውን ለአስቴር ለወጥ ሰጧት።

ቅዳሜ

መኪናው የሚነሳው በጠዋት ነው። ሻንጣዬን ይዤ እንደ ድሮው አደ ዲንቄ ፊት ቆምኩና አንገቴን ደፋሁ። የምይዘው ጫፍ እንደሌለ አውቃለሁ። በእጃቸው ራሴን ይነኩኛል፣ አንድ ቃል ይሉኛል ብዬ ነበር። ቁራጯ ጭናቸው ላይ ነበረች፤ አላነሷትም።

«ቀና በዪ ልጄ፣ መኪና ያመልጥሻል» አሉ። «የሞተ ሰው አይመርቅም።»

አስቴርን ጠርተው ግማሽ ኩንታል ድንች አስጫኑልኝ። «ደብረ ብርሃንም ድንች አለ» ብል «የዚህ ይጣፍጣል» አሉኝ። እስከ ጊንጪ ቁልቁለቱን ሁሉ ጆንያውን በጉልበቴ መሃል ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ቤት ሳልመረቅ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።